የሚዛኑ አንቀጽ

ከሕግ ትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱና በመነጽር መሸጫው መካከል ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዲት ጸሐፊ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ተማሪዎቹ «እትዬ ኅዳግ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት የወረቀት ኅዳግ ሲጠብ ስለማትወድ ነው። ሁሉንም ነገር አንድ ገጽ ላይ ማጨቅ የሚፈልግ ተማሪ ዳሩን እንድታጠብለት ሲለምናት፣ «ጠበቃ ሲያነብ እርሳስ ይይዛል። የት ይጻፍ? ግንባርህ ላይ?» ትለዋለች።

እዚህ ከመግባቷ በፊት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ስለዚህ ሕግ የለመደው ጣቷ ብቻ ሳይሆን ዓይኗም ነው። በአንድ የኪራይ ውል ውስጥ «አከራይ» መባል ያለበት «ተከራይ» ተብሎ እንደሆነ፣ ያዘጋጀው ተማሪ ሦስት ጊዜ አንብቦ ያለፈውን እሷ በመጀመሪያው ታስቆመዋለች። «አንዲት ፊደል ናት፤ አንተ ግን ቤቱን ለሌላ ሰው ሰጥተኸዋል» ብላ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ታሳርፋለች።

ሥራ የሚበዛባት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ለትልልቆቹ የጥብቅና ድርጅቶች በሚያመለክቱባቸው ሦስት ሳምንታት ነው። እነዚህ ድርጅቶች ለባንኮች፣ ለአስመጪዎችና ለፋብሪካዎች ውል ያዘጋጃሉ፤ ኩባንያ ሲሸጥና ሲገዛ መሐል ገብተው ያደራድራሉ። በየዓመቱ ሁለት ሦስት ተለማማጅ ይወስዳሉ። የዓመቱን አጋማሽ ዕረፍት እዚያ ሠርቶ የተወደደ ተማሪ ሲመረቅ ወንበሩ ይጠብቀዋል፤ ያልተወሰደው ደግሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ይከርማል። በእነዚያ ሳምንታት የጽሕፈት ቤቷ ሰልፍ እስከ መነጽር መሸጫው ይደርሳል። የትኛው ድርጅት ከአንድ ገጽ በላይ እንደማያነብ፣ የትኛው «ክቡር» ሲባል ደስ እንደሚለው፣ የትኛው ደግሞ እንደሚስቅበት ከመምህራኑ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

ማመልከቻዎቹ ይመሳሰላሉ። ከአሥሩ ሰባቱ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለፍትሕ ካለኝ ጥልቅ ፍቅር የተነሳ» ብለው ይጀምራሉ። «ፍትሕን የማይወድ ልጅ በዚህ ከተማ አልተወለደም እንዴ?» ትላለች እየተየበች። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ የሰው ድምፅ ያለው ዓረፍተ ነገር ሲመጣላት ታዲያ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲላት ይውላል። እንዲህ ያሉትን ለይታ የምታስቀምጥበት ፋይል አላት፤ ስሙን «ጥሩ ጥሩ» ብላዋለች። ሰው ሳይኖር ከፍታ ታነባለች። ለማንም አሳይታ አታውቅም።

በዚያ ዓመት፣ ሰልፉ በጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ አንዲት ቀጭን ልጅ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ የተጻፈ ማመልከቻ ይዛ ገባች። አባቷ የገበያ ሚዛን ይጠግናል። ሦስተኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«አባቴ ሚዛን ጠጋኝ ነው። ነጋዴዎች ሚዛናቸውን ሲያመጡ ‹ተበላሸ› ይሉታል። እሱ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው ‹ለማን ተበላሸ?› ብሎ ነው። ሚዛን ተበላሽቶ መሐል ላይ አይቆምም፤ ወይ ወደ ሻጩ ወይ ወደ ገዢው ያጋድላል። እኔም ውል ሳነብ ያልጠራ አንቀጽ ባገኘሁ ቁጥር ይህንኑ እጠይቃለሁ።»

የጸሐፊዋ ጣቶች ቆሙ።

«ይቺን ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም፣ እትዬ። እኛ ቤት በየቀኑ የሚባል ነው።»

«ነጋዴዎቹስ ምን ይሉታል?»

«‹ዝም ብለህ ጠግን፤ የፖሊስ ሥራህን ተው› ይሉታል።»

ሁለቱም ሳቁ። ልጅቷ ለሦስት ድርጅቶች ሦስት ቅጂ አሳትማ ወጣች። ከሦስቱ አንዱ ሁሉም የሚመኘው፣ ተማሪዎች «መስታወቱ» የሚሉት፣ ከላይ እስከ ታች በመስታወት የተሸፈነ ሕንጻ ውስጥ ያለው ድርጅት ነበር። ልጅቷ ከወጣች በኋላ ጸሐፊዋ ሦስተኛውን አንቀጽ ቀድታ «ጥሩ ጥሩ» ውስጥ ጨመረችው።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ማንም ባልተጎዳ ነበር። ግን የእህቷ ልጅም የዚያው ዓመት ተመራቂ ነበር። እናቱ በሌላ ከተማ ስለምትሠራ ስድስት ዓመት ያደገው አክስቱ ዘንድ ነው። ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ውጤቱ ከሚዛን ጠጋኙ ልጅ ይበልጣል። ማመልከቻው ግን ግድግዳ ነው፤ ያገኛቸውን ውጤቶች ደርድሮ ስለ ራሱ አንድ ነገር ሳይናገር ይፈርማል። ለአራት ድርጅቶች ልኮ አንዱም ለቃለ መጠይቅ አልጠራውም። እናቱ በስልክ፣ «የባዕድ ልጅ ሁሉ በአንቺ እጅ አልፎ ሰው ሆነ። የእኔን ልጅ ስታይ ነው ጣትሽ የሚዶለዱመው?» አለቻት።

በማግስቱ ልጁ ለአምስተኛው ድርጅት ሊያመለክት መጣ። ጸሐፊዋ ግድግዳውን አንብባ ስትጨርስ «ጥሩ ጥሩ»ን ከፈተች። «አባቴ» የሚለውን አውጥታ «በሰፈራችን የሚኖር አንድ ሰው» አለችበት። የቀረውን እንዳለ ተወችው።

ልጁ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አነበበ። «ይሄ ማነው? እኛ ሰፈር ሚዛን ጠጋኝ የለም።»

«አሁን አለ።»

«ከየት አመጣሽው አክስቴ?»

«ከአንድ ቦታ። ባለቤቱ አይቀየምም።»

«እሺ፣ ይኑር» አለ ልጁ፣ ትከሻውን ነቅንቆ። «ጎረቤት በዛ ማለት ነው።»

አምስተኛው ድርጅት የሚዛን ጠጋኙ ልጅ ያላመለከተችበት ነበር፤ ጸሐፊዋ ይህን አረጋግጣለች። ራሷን ያጽናናችውም በዚህ ነው። በማመልከቻው ጊዜ ማብቂያ ቀን ግን ልጁ እያለከለከ ተመለሰ። መስታወቱ ዛሬ ነው የሚዘጋው፣ አድራሻውን ብቻ ቀይሪልኝ አላት። ከኋላው ስምንት ሰው ተሰልፏል። የድርጅቱን ስም ስትጽፍ ጣቷ ለአፍታ ቆመ። ሦስት መቶ ማመልከቻ ይደርሳቸዋል፣ ሁለቱን አስተያይቶ የሚያነብ ማን አለ ብላ አሰበች። ከዚያ አተመችው።

መስታወቱ ሁለቱንም ጠራ። ቃለ መጠይቁ በሁለት ቀን የተከፈለ ሲሆን ልጁ የመጀመሪያው ቀን ደረሰው። ከሰዓት በኋላ ከረባቱን ኪሱ ከትቶ ወደ ጽሕፈት ቤቷ መጣ።

«ምን ጠየቁህ?»

«ሦስት ናቸው። የብድር ውል ሰጥተው ስህተቱን አውጣ አሉኝ፤ አወጣሁ። ከዚያ በኋላ ያወራነው ስለ ሚዛን ጠጋኙ ብቻ ነው። ዋና ጠበቃዋ በጣም ወደደችው። ምን ዓይነት ሰው ነው አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«አንድ ዓይኑ አያይም አልኳት።»

«አንድ ዓይኑ?»

«ነገሩ እንዲያምር ነዋ። በአንድ ዓይኑ እያየ ከሁሉ አስተካክሎ ይመዝናል ስላት ብዕሯን አስቀምጣ ሰማችኝ።» ልጁ ሳቀ። አክስቱ እንዳልሳቀች ሲያይ፣ «ምነው?» አላት።

«ነገ እነማን ናቸው የሚገቡት?»

ልጁ አምስት ሰው ቆጠረላት። ሦስተኛዋ የሚዛን ጠጋኙ ልጅ ነበረች። ጸሐፊዋ የዚያን ቀን አንድ ገጽ ለመጻፍ አራት ጊዜ አበላሸች።

ልጅቷ የመጣችው ከቃለ መጠይቋ ማግስት፣ ጠዋት፣ ገና ሰልፍ ሳይኖር ነው። ዓይኗ አብጧል። ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና የሆነውን ያለ ጩኸት ተናገረች። ዋና ጠበቃዋ ሁለት ማመልከቻ ጎን ለጎን አስቀምጣ ጠበቀቻት። ይህን ታሪክ ከየት አመጣሽው አለቻት። የአባቴ ነው አለች። ትናንት አንድ ዓይና ጎረቤት ነበር፣ ዛሬ ደግሞ አባት ሆነ አለቻት ጠበቃዋ። የሌላውን አመልካች ማንነት አልነገሯትም። በጽሑፍ እንድታስረዳ እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጧት፤ ካላሳመነቻቸው ጉዳዩን ለትምህርት ቤቱ ያሳውቃሉ። የሰው ጽሑፍ የሰረቀ ተማሪ ደግሞ ተለማማጅነቱ ብቻ አይደለም የሚቀርበት፤ የጥብቅና ፈቃድ ሲጠይቅም ይህ ፋይል ቀድሞት ይጠብቀዋል።

«ጠበቃዋ በመጀመሪያ የሰማችው ያንን ነው» አለች ልጅቷ። «ቀድሞ የገባው ባለቤት ሆነ። እኔ ስናገር የተሰረቀ ነገር የምናገር መሰለ፤ ድምፄም ተንቀጠቀጠ። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ራሴን አላምንም ነበር።»

«አባትሽ ሰማ?»

«‹ሚዛኔን ተሸክሜ ልምጣና ይዩኝ› አለ። ‹አንተ ሁለቱም ዓይኖችህ ያያሉ፤ እዚያ የሚፈለገው ባለ አንድ ዓይን ነው› አልኩት።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ማን እንደሆነ አላወቅኩም፣ እትዬ። ክፍል ውስጥ አንዴ ተናግሬው ይሆን? ተኝቼም እሱኑ ነው የማስበው። ይኸው ማስረጃዬን ይተይቡልኝ፤ እኔ እነግርዎታለሁ።»

ጸሐፊዋ ወረቀት አስተካከለች፣ ተከፍቶ የነበረውን ፋይል ዘጋች፣ አዲስ ከፈተች። ለዚህ ሁሉ ከሚያስፈልገው በላይ ጊዜ ወሰደች። ልጅቷ ቃል በቃል፣ ሳትቸኩል ተናገረች፤ ጸሐፊዋ ጻፈች። የአባቷ የሥራ ቦታ፣ ሥራውን የጀመረበት ዓመት፣ ሊመሰክሩ የሚችሉ ሁለት ነጋዴዎች። ከዚያ ልጅቷ እንዲህ አለች፦

«‹ማመልከቻውን ከመላኬ በፊት ከእኔና ከጸሐፊዋ በቀር ያየው የለም። ጸሐፊዋን በዚህ አልጠረጥርም።›»

ጣቶቿ ግማሹን ጽፈው ቆሙ። «ይቺን እናውጣት» አለች ጸሐፊዋ፣ ወደ ስክሪኑ እያየች።

«ለምን?»

«እኔ ከነገሩ ምን አለኝ?»

«ካልጠቀስኩዎት እኮ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት እርስዎን ነው። እውነቱ ደግሞ ይኸው ነው። ይጻፉት።»

ጻፈችው። አንድም ፊደል አልሳተችም። አትማ ሰጠቻት፣ ልጅቷም አመስግና ወጣች። ጸሐፊዋ በሩን በቀን ዘጋች፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በሥራ ቀን በሯን ስትዘጋ ሁለተኛዋ ነው፣ የመጀመሪያው እናቷ የሞተች ዕለት ነበር።

ቤት ስትደርስ የእህቷ ልጅ ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር። ከመስታወቱ ለመጨረሻው ዙር ተጠርቷል። ቁጭ ብላ ሁሉን ነገረችው፤ የማን አንቀጽ እንደሆነ፣ ልጅቷ ምን እንደደረሰባት። ልጁ ካውያውን አቆመ።

«አክስቴ፣ እኔ ነኝ የለመንኩሽ?»

«አይደለህም።»

«እንግዲያስ?»

«እኔ ነኝ። ነገ ሄጄ ልነግራቸው ነው።»

«ብትነግሪያቸው እኔን ያስወጡኛል። እሷንም መልሰው ላይወስዷት ይችላሉ። ሁለት ሰው ከሚጎዳ አንድ ይጎዳ።»

«አንዱ ማን እንደሚሆን የምትመርጠው አንተ ነህ?»

የልጁ ፊት ቀላ። ስድስት ዓመት አብራው ስትኖር ፊቱ እንዲህ ሲቀላ አይታ አታውቅም። ቆይቶ፣ «እሺ ሂጂ» አላት። «ቢያንስ ግን እሱ አያውቅም ነበር በያቸው። ይቺን ብቻ አድርጊልኝ።»

እሺም እምቢም ሳትለው አደረች።

በመስታወቱ እንግዳ መቀበያ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ወለል፣ ዝቅ ያሉ የቆዳ ወንበሮችና አንድም የጣት አሻራ የሌለበት ጠረጴዛ አለ። ጸሐፊዋ የዚህን ድርጅት ስምና አድራሻ ሺህ ጊዜ ተይባለች፤ ገብታ ግን አታውቅም። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ሳትል፣ «ለቃለ መጠይቅ ነው?» አለች። ቀና ስትል ደግሞ የሃምሳ ዓመት ሴት አይታ አፈረች። አጠገቧ ሁለት ተማሪዎች ጉልበታቸው ላይ ፋይል አድርገው ተቀምጠዋል። አንዱ በእሷ እጅ የተተየበ ማመልከቻ ነበረው፤ አወቃትና ከወንበሩ ብድግ አለላት። እሷ ግን አንገቷን ብቻ ነቀነቀችለት።

ዋና ጠበቃዋ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ጸሐፊዋ ተናግራ እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም።

«ሁለቱንም የተየቡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛወሩትም?»

«እኔ ነኝ። የልጅቷ ነው። አባቷ ሁለት ዓይን አለው።»

ጠበቃዋ የልጅቷን ማስረጃ ከፋይሉ አውጥታ አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። «እዚህ ላይ እርስዎን እንደማትጠረጥር ጽፋለች።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ጠበቃዋ መነጽሯን አውልቃ ለአፍታ አየቻት። «ልጁስ ያውቅ ነበር?»

ጸሐፊዋ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ከቤቷ ስትወጣ ጀምሮ ታውቅ ነበር። «አያውቅም» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረ፤ ቀላል ነው፣ ማንም አይመረምረውም። ስድስት ዓመት ልብሱን ያጠበችለት ልጅ ነው። ነገር ግን ባለፈው ወር ማንም አይመረምረውም ብላ ያደረገችው ነገር ነው እዚህ ያስቀመጣት።

«የእሱ እንዳልሆነ ያውቃል» አለች። «የማን እንደሆነ አያውቅም።»

«የዓይኑ ነገርስ?»

«እሱ ከራሱ ነው።»

ጠበቃዋ ሳቅ ሊያመልጣት የነበረ ይመስላል፤ አፏን ሰብስባ ጻፈች። ጸሐፊዋ ፈረመች። ጠበቃዋ «ለልጅቷ ነግረዋታል?» ስትላት፣ አለመንገሯን ተናገረች።

«እኔ በዘጠኝ ሰዓት እደውልላታለሁ። ከእኔ ከምትሰማው ከእርስዎ ብትሰማው ይሻላል።»

ከሕንጻው ወጥታ መጀመሪያ ለእህቷ ልጅ ደወለች። «አያውቅም አላልኩም» አለችው። «እሺ» አለና ዘጋው። ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ጓደኛው ቤት የሄደው በዚያው ቀን ነው።

ልጅቷን ያገኘቻት በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ መስኮቱ አጠገብ ነው። የንግድ ሕጉ ፊቷ ተከፍቷል፤ ግን አታነብም። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጸሐፊዋ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት። ፋይሉን፣ የእህቷን ልጅ፣ አድራሻ የቀየረችበትን ቀን፣ ዛሬ ጠዋት የፈረመችውን። ይቅር በዪኝ አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ በጣም ትንሽ መሰላት።

ልጅቷ ዓይኗን ከመጽሐፉ አላነሳችም። እጇ የመጽሐፉን ገጽ ጫፍ ያጥፋል፣ ይዘረጋል።

«ያን ቀን» አለች በመጨረሻ፣ «‹ይቺን እናውጣት› ያሉኝ ለዚህ ነበር?»

«ለዚህ ነበር።»

«እኔ እኮ ስምዎ እንዳይነሳ ፈልገው መሰለኝ። ትሑት ናቸው ብዬ ለአባቴ ነገርኩት።»

ጸሐፊዋ አንገቷን ደፋች። ሌላ ጠረጴዛ ላይ አንድ ተማሪ አስነጠሰ፣ ሌላው ገጽ ገለጠ። ልጅቷ አልጮኸችም፣ አልሰደበችም፤ ብትሰድባት ኖሮ የሚቀልላት መስሏት ስትጠብቅ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የልጅቷ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ይዛው ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ጸሐፊዋ በቤተ መጻሕፍቱ የመስታወት በር በኩል አየቻት፤ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ትሰማለች፣ አንዴ ራሷን ትነቀንቃለች፣ አንዴ በመዳፏ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። ስትመለስ ቆማ ቆየች።

«ሰኞ መጥተሽ ፈርሚ አሉኝ» አለች። ከጸሐፊዋ በቀር የምትነግረው ሰው በአጠገቧ አልነበረም።

ጸሐፊዋ «እንኳን ደስ አለሽ» ልትል አፏን ከፈተች። በሙያዋ ለስንቱ ብላለች። ተወችው።

ልጅቷ ተቀመጠች። «አባቴ ዛሬ ይጠይቀኛል። ማን ነው ያደረገው ቢለኝ ምን ልበለው?»

«እኔ ነኝ በይው።»

«ያውቅዎታል እኮ። ማስረጃውን የተየብን ዕለት ‹ለዚያች ሴት ሰላም በይልኝ› ብሎኝ ነበር። ሳላደርስ ቀረሁ።»

ጸሐፊዋ ጠበቀች። ልጅቷ የታጠፈውን ገጽ ጫፍ በጥፍሯ አቃናች፣ መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበች፣ ማንበብ ጀመረች። ሰላምታውን አላደረሰችም።